የፈይሳ ቁጥሮች

ናርዲ ፈይሳን የናቀችው ፊቱን ሳታየው፣ በጻፋቸው ቁጥሮች ነው።

ጅማ ከሚገኝ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። በጎ ፈቃደኞች ከቡና ማጠቢያዎች በታች ያሉትን ወንዞች ንጽሕና እየለኩ የሚያመጡትን ውጤት፣ እንደነሱ በበጎ ፈቃድ የምታጣራው እሷ ናት። አብዛኞቹን አትወዳቸውም። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው በመኪና ይደርሳሉ፣ መለኪያውን ውኃ ውስጥ ነከር አድርገው ፎቶ ይነሣሉ፣ ለምሳ ጅማ ይመለሳሉ። ያም ሆኖ ቁጥራቸው እርስ በርሱ ይስማማል፤ ውኃው ደህና ነው ይላል። የየቡ ከተማው የሒሳብ መምህር ፈይሳ ብቻ እዚያው ወንዝ ላይ ለብቻው ለክቶ፣ ዓሣ የማይኖርበት ውኃ ነው ብሎ ይጽፋል።

ስምንት ሳምንት ሙሉ ሰረዘችበት።

በዘጠነኛው ሳምንት ራሱ መጣ። ጫማው ጭቃ እንደለበሰ ገብቶ የተሰረዘውን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው።

«አንቺ ነሽ የሰረዝሽው?»

«እኔ ነኝ። ቤትህ ቁጭ ብለህ የምትፈጥረውን ቁጥር ሪፖርት ውስጥ አላስገባም።»

ፈይሳ አልተቆጣም። ከላይ እስከ ታች አያት። ናርዲን እንደዚያ በንቀት ያያት ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ወንዙን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ናርዲ ዓይኗን ወደ ተሰረዘው ወረቀት መለሰች።

«ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከድልድዩ ሥር ነኝ» ብሎ ወጣ።

ላሳፍረው ብላ ዓርብ ሄዳ የቡ አደረች። ሲነጋጋ ወደ ወንዙ ስትወርድ የኮመጠጠ የቡና ገለፈት ሽታ ተቀበላት። ውኃው ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ ይወርዳል። ፈይሳ ሱሪውን ሰብስቦ መሀሉ ላይ ቆሟል።

«ኮቱ፣ ነይ» አላት ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅሎ፣ እጁን ዘርግቶ።

እጁን ይዛ ገባችና ራሷ ለካች። ቁጥሩ እሱ ከጻፋቸው ሁሉ የባሰ ሆነ።

«ከላይ ያለው ማጠቢያ ቡናውን ማታ አጥቦ ፍሳሹን ሌሊት ይለቀዋል። እነሱ በሚመጡበት አራት ሰዓት ላይ ውኃው ጠርቷል። ለበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ለሊዮል ነግሬው ነበር። ‹በዚያ ማለዳ ማን ይነሣል?› አለኝ።»

ናርዲ ሊዮልን ናቀችው። ከሱ ይልቅ ግን ያላየችውን ወንዝ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰረዘችውን ሴት ናቀች።

«እኔም ከነሱ አልሻልም» አለች።

«አትሻይም ነበር» አላት ፈይሳ። እጇን ግን አልለቀቀም።

ሪፖርቱን በፈይሳ ቁጥሮች ጽፋ ለሚመለከተው ቢሮ አስገባች። ሊዮል እየተንጨረጨረ መጣ።

«ለአንድ የገጠር መምህር ብለሽ የሁላችንን ሥራ ታበላሺያለሽ?»

«የምን ሥራ?» አለችው።

ሊዮል ስሟን ከበጎ ፈቃደኞቹ ዝርዝር አወጣው። ማጠቢያው የፍሳሽ ጉድጓድ እንዲቆፍር ታዘዘ፤ ግማሹን ቆፍሮ ተወው። ስለዚህ ሁለቱ በየሳምንቱ ማለዳ እየወረዱ መለካታቸውን ቀጠሉ። አንዳንዴ ቀና ስትል ሲያያት ታገኘዋለች፤ ያ የመጀመሪያው ቀን ንቀት ከዓይኑ ጠፍቷል።

«ናርዲ፣ የቡ መኖርን ትንቂዋለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«የቡን እንጃ» አለች ዓይኗን ከመለኪያው ሳታነሣ። «አንተን ግን መናቅ አቅቶኛል።»

ጥር ላይ ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር፣ አባቷ ቤት ተዳሩ። ሊዮልን አልጠሩትም።