የዲኤክሷ ድንጋዮች

ኦቦ ጃራ ዲሪርሳ የሞቱት ቅዳሜ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሰበታ ባለው ጋራዣቸው፣ አርባ ዓመት በገዛ እጃቸው ሲጠግኗት በኖሩት ዲኤክስ ኮሮላ ስር ነበር። ኢንስፔክተር ድንቅቱ ጋሮማ ከቡራዩ ስትደርስ ሬሳው ወጥቶ ጋቢ ለብሷል። ሰፈርተኛው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት በሩ ላይ የአንድ ፖሊስ እጅጌ ጨምድዳ ይዛ አልለቅም ብላለች።

ድንቅቱ አንድ ቦታ ረግታ መቆም አይሆንላትም። ቁልፎቿን በጣቷ እያሽከረከረች ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ሳጅን ፈቀደ ከኋላ ከኋላዋ ሲል ደከመው።

«ኧረ ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ሽማግሌው ከስር ገብተው ሲሠሩ መኪናዋ ከክሪኩ ወርዳ ደረታቸው ላይ ወደቀች። ክሪኩን ያቆመው ሠራተኛቸው ሲላስ ነው። ይዘነዋል።»

«አደጋ ከሆነ ለምን ያዛችሁት?»

«ዋሽቷላ! መኪናዋ እንዳትንሸራተት ድንጋዮቹን ከፊት ጎማዎች ስር ነው ያደረግኩት ይላል። እኛ ያገኘናቸው ከኋላ ጎማዎች ስር ነው። በዚያ ላይ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። ሰኞ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ድንቅቱ በርከክ አለች። ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ ዲኤክሷም አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። ክሪኩ ከመኪናዋ ኋላ በጎኑ ተጋድሟል። ሁለቱ ድንጋዮች የኋላ ጎማዎቹን ከፊት በኩል ጥብቅ አድርገው ይዘዋል፤ በእጇ ብትገፋቸው ንቅንቅ አላሉም። በመስኮት ወደ ውስጥ አየች። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፤ ማርሹ አንደኛ ላይ ነው። ከሆዷ ስር፣ ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ብረት ላይ ካሉት አራት ብሎኖች ሁለቱ ተፈተዋል፣ ሁለቱ እንደታሰሩ ናቸው። የብሎን መፍቻ ቁልፉ መሬት ላይ ወድቋል።

«አንድ ነገር አልጣመኝም» አለች ስትነሳ።

«ምኑ?»

«ገና አላወቅኩትም። ግን በጣም የተጠነቀቀ ሰው የሠራው ይመስላል። በጣም።»

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው የሟቹ የወንድም ልጅ ዘርሁን ነበር። ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ ሰው እያመላለሰ የሚኖር፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። ነጭ ኤክስኪዩቲቭ ኮሮላውን ተደግፎ ፊቱን በሹራቡ እጅጌ ይጠርጋል።

«አባባን ሰላም ልበል ብዬ ነው የመጣሁት። እግራቸው ብቻ ነው የታየኝ። ኡኡ ብዬ ሰው ጠራሁ።»

«የነካኸው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! እጄንም አላሳረፍኩም። ያ ሰውዬ ነው የጨረሰን። መኪና እንዲህ ያቆማል?»

ድንቅቱ ስትሰማው የመኪናውን አፍንጫ እያየች ነበር። የቀኙ የፊት መብራት በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኗል። የግራው ግን ጥርት ያለ ነው።

«መብራቷን ቀይረሃታል?»

«እ? እሱማ ቆየ። ዓመት ያልፈዋል።»

በሩ ጋ ያቺ ሴት እጇን ያዘቻት። የሲላስ ሚስት ጣቢታ ናት፤ ከደቡብ መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ስምንተኛ ወሯን የያዘች።

«እህቴ፣ በኢየሱስ ስም! ባሌ ውሸት አይችልም። ኦቦ ጃራ ማለት ለእሱ አባቱ ናቸው። እዚህ አገር ሌላ ዘመድ የለንም። ይሄ ልጅ አባቱ እስር ቤት እያለ ይወለድ?»

ድንቅቱ ቃል መግባት አትወድም። እጇን ግን ወዲያው አላስለቀቀችም፤ ለሴትየዋ በጣም አዘነችላት።

እሑድ ማለዳ ወደ ማረፊያ ቤቱ ሄደች። ሲላስ ሌሊቱን ዓይኑን አልከደነም፤ ጥፍሮቹ ውስጥ አሁንም ግራሶ አለ።

«ተጨቃጭቃችኋል?»

«አዎ፤ እሱ እውነት ነው። የብረት ድጋፍ ካልገባ አይግቡ ስላቸው፣ ለአጭር ሥራ ክሪክ ይበቃል ይሉኛል። በዚያ ነው ሁልጊዜ የምንነታረከው። ድንጋዩን ግን ሳያዩ ገብተው አያውቁም። ጎንበስ ብለው ይነኩታል፣ ከዚያ ይተኛሉ። ቅዳሜም ነክተውት ነው የገቡት።»

«የት የነበረውን?»

«ከፊት ጎማዎቹ ስር። ስድስት ሰዓት ላይ እኔ ግራሶ ልገዛ ወጣሁ።»

«ማርሹስ?»

ሲላስ ጥያቄው ገረመው። «ማርሽማ አልገባም። ሁለቱን ብሎን ፈትተው ብረቱን ካላዞሩት የቀሩት ሁለቱ ወደ እጅ አይመጡም። ማርሽ ከገባ ደግሞ ብረቱ አይዞርም።»

ቁልፎቿ መሽከርከራቸውን አቆሙ። እንደገናም ጀመሩ፣ አሁን በፍጥነት።

ቀብሩ አልቆ ለቀስተኛው ድንኳን ሲገባ የሟቹን ልጅ ኤቢሴን ከጋራዡ ጓሮ አገኘቻት። ኤቢሴ አባቷ ሲሞቱ እዚያው ጓሮ ልብስ ስታጥብ ነበር፤ ይህን ራሷ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለቻት ድንቅቱ።

«አሜን። ሲላስን እንደያዛችሁት ጣቢታ ነግራኛለች፣ እኔንም እንደሚጠረጥሩኝ አውቃለሁ። ሥራው ይብቃህ፣ ግቢውን ዝጋው እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር። ግን ከእነዚህ መኪኖች ማን ይለየዋል?»

ከባሕር ዛፎቹ ስር አራት ኮሮላዎች ተደርድረዋል። ኤቢሴ አባቷ ለእንግዳ እንደሚያደርጉት ከመጀመሪያው ቦታ ጀመረች።

«ይሄ ባዶ ቦታ የዲኤክሷ ነው። እኔ ሕፃን ሆኜ የገዛት። ሞተሯ ከፊት፣ የሚገፋት ግን የኋላ ጎማ። ቀጥሎ ይቺ ባለ አራት ማዕዘኗ መጣች፤ ከእሷ ጀምሮ ሥራው ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ዞረ። አባቴ ዓመት ሙሉ አኩርፏት ነበር፣ መኪና ተጎትቶ ይሄዳል እንዴ እያለ። ከዚያ ይቺ ክብ ክቧ፤ ከዚያ የመብራቷ መስታወት በፕላስቲክ የተተካላት። መጨረሻ ኤክስኪዩቲቯ። አንድ ቤተሰብ ናቸው ይላል፤ ግን ልጅየዋን ያወቀ እናትየዋን ያወቀ እንዳይመስለው።»

«አንቺ የኋላዋን አንስተሽ ከስር ብትገቢ በምን ትይዣታለሽ?»

«የቷን?»

ድንቅቱ ፈገግ አለች። የምትፈልገው መልስ ይኸው ነበር።

«ዲኤክሷን ከሆነ ከፊት ጎማ ስር ድንጋይ» አለች ኤቢሴ። «ኤክስኪዩቲቯ ግን የፊት ጎማዋ በማርሽ ይያዛል።»

«አባትሽ በቅርቡ የዘርሁንን መኪና ነክተው ያውቃሉ?»

«ረቡዕ የግራ መብራቷን ቀይሮለታል። በሬ ገጭቶ ነው አለን። ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎዋንም አቃናለት። ከዚያ ወዲህ ግን አባቴ ምግብ አልበላ ብሎ ነበር። ሲላስ ቢጠይቀውም አልነገረው።»

«የተሰበረው መብራት?»

«አባቴ የፈታውን ጥሎ አያውቅም።»

መደርደሪያው ላይ፣ ቀኑ በጠመኔ የተጻፈበት ማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ድንቅቱ ከፍታ አየችው። ከረጢቱን ብብቷ ስር አድርጋ ወዲያው ወደ ሱሉልታ ትራፊክ ፖሊስ ስልክ መታች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ኤቢሴ ጥቁር ለብሳ፣ ጣቢታ ወገቧን ይዛ፣ ሲላስ እጁ በካቴና፣ ዘርሁን የመኪናውን ቁልፍ እያሻሸ። ዲኤክሷ ተገፍታ ክሪኩ ወደነበረበት ምልክት ተመልሳለች። ፈቀደ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ዘርሁን» አለች ድንቅቱ፣ «የመኪና ሰው ነህና እርዳኝ። ሳጅኑ የኋላዋን በክሪክ ሊያነሳ ነው። ከዚያ እኔ ከስር ልገባ ነው እንበል። እንዳትንቀሳቀስብኝ አድርገህ ያዝልኝ።»

«ያ ቀላል ነው» አለ። ምናልባት መርዳቱ ራሱ ደስ ብሎት ይሆናል። ገብቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ማርሹን አንደኛ ላይ አደረገ። ወርዶ ሁለቱን ድንጋዮች አነሳ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት አስጠጋቸው፣ በጫማው መታ መታ አደረጋቸው።

ኤቢሴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሲላስ፣ «ኧረ እዚያ አይደለም!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል ሲላስ። ፈቀደ፣ አንሳ።»

ክሪኩ ከኋላ በመሐል ገብቶ ዲኤክሷን አነሳት። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከመሬት ለቀው ከድንጋዮቹ በላይ ተንጠለጠሉ። ድንቅቱ ሰዉን ሁሉ ወደኋላ አርቃ የዲኤክሷን የኋላ ክዳን በአንድ እጇ ገፋ አደረገችው። መኪናዋ ያለ ምንም ትግል ወደ ፊት ተንሸራተተች፤ ክሪኩ ተገለበጠ፤ የኋላዋ በኃይል መሬቱን መታው። ጣቢታ ጮኸች። ባሕር ዛፎቹ ላይ የነበሩ ወፎች ሁሉ ተነሱ።

ድንቅቱ ወደ ኋላ ጎማዎቹ ሄደች። ድንጋዮቹ ከጎማዎቹ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ቀርተዋል።

«እዩ» አለች። «ድንጋዮቹ መኪናዋ ሳትወድቅ እዚህ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ ርቀው ነበር የምናገኛቸው። ቅዳሜ ግን ጎማውን ጥብቅ አድርገው ይዘው ነበር። ስለዚህ የተቀመጡት ከወደቀች በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ማርሹ። ኦቦ ጃራ ብረቱን እያዞሩ ብሎን ሲፈቱ ነበር፤ ማርሽ ከገባ አይዞርም። ስለዚህ ማርሹም የገባው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። አንድ ሰው ድንጋዮቹን ከፊት ጎማዎቹ ስር አውጥቶ መኪናዋን ገፋ። ከዚያ በጥንቃቄ የተያዘች መኪና ናት፣ ክሪኩ ነው ያዳለጠው እንዲባል፣ ፍሬን ሳበ፣ ማርሽ አስገባ፣ ድንጋይ አስጠጋ።»

«ሲላስ ቢሆንስ?» አለ ፈቀደ።

«ሲላስ ቢሆን ድንጋዮቹን አስቀመጥኩ ባለበት ቦታ፣ ከፊት፣ ይመልሳቸው ነበር። ውሸታም ያስባለው እኮ እውነቱን መናገሩ ነው። ኤቢሴም ብትሆን ያው ናት፤ በዚህ ግቢ ያደገ ሰው የዲኤክሷ የኋላ ጎማ ከተነሳ ፍሬኑም ማርሹም ከንቱ እንደሆነ ያውቃል። ይህን የማያውቀው በኤክስኪዩቲቭ መንዳት የተማረ፣ ማርሽ ከገባ መኪና ይያዛል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጥንቃቄ አስመሰለ፤ ግን የሌላ መኪና ጥንቃቄ ነበር። ዘርሁን፣ ምንም አልነካሁም ብለኸኛል።»

«እኔ ለምን አጎቴን...» አለ።

ድንቅቱ ከከረጢቱ የተሰበረውን መብራት አወጣች። ጠርዙ ላይ ነጭ የነጠላ ክር ተጠምጥሞበታል።

«ባለፈው ሳምንት ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ወተት ይዛ ስትሻገር አንዲት እናት ተገጭታ ሞተች። ሶያማ ትባላለች። የገጫት አልቆመም። ትራፊኮቹ ከአስፋልቱ ላይ ለቅመው ያስቀመጡት የፕላስቲክ ስባሪ ከዚህ ጋር ትናንት ማታ ገጥሟል። ዓመት ያልፈዋል ያልከኝ መብራት ረቡዕ ነው የተቀየረው። ኦቦ ጃራ ክሩን አዩ። በሬ ነጠላ እንደማይለብስ እሳቸው አያጡትም።»

ዘርሁን ቁልፉን ጣለው። ከዚያ እሱም መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እስከ ሰኞ ሰጡኝ» አለ። «ራስህ ሂድና ተናገር፣ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ካልሄድክ ግን እኔ እሄዳለሁ አሉኝ። ቅዳሜ ልለምናቸው ነው የመጣሁት። ከስር ሆነው፣ ልጄ፣ ሰኞ ነው፣ አሉኝ። ፊታቸው እንኳን አልታየኝም።»

«ዲኤክሷን ላስተምርህ እያለ ስንት ጊዜ ለመነህ!» አለች ኤቢሴ እያለቀሰች። «አሁን ማን ዲኤክስ ይነዳል እያልክ ስትስቅበት!»

ዘርሁንን ይዘውት ሄዱ። የሲላስ ካቴና ሲፈታ ጣቢታ ደረቱ ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች፤ እሱ ደግሞ የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋበት ይመስል ሁለት እጆቹን አንስቶ ቆመ። ድንቅቱ ፊቷን አዞረች። በሕይወት ዘመኗ ብዙ ሰው አስራለች፤ አንድ ሰው ነጻ ሲወጣ ማየት ግን አሁንም ያስለቅሳታል።

ሲላስ ሚስቱን ሳጥን ላይ አስቀመጣትና ወደ ዲኤክሷ ሄደ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንስቶ ከፊት ጎማዎቹ ስር አደረጋቸው፤ ማርሹንና የእጅ ፍሬኑንም ለቀቀ።

«ሁለት ብሎን ይቀራል» አለ።

ኤቢሴ እንባዋን ጠርጋ፣ ባለ አራት ማዕዘኗን ተሸክሞ የነበረውን የብረት ድጋፍ አውጥታ እየጎተተች አመጣችለት። ሲላስ መኪናዋን አንስቶ ድጋፉን አስገባ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ኦቦ ጃራ ያደርጉ እንደነበረው፣ ድንጋዮቹን ነካ ነካ አደረጋቸውና ከስር ተኛ።

ድንቅቱ መሄድ ነበረባት፤ ሱሉልታ የሶያማ ልጆች ይጠብቋታል። ቁልፎቿን ኪሷ ከትታ ግን ብሎኖቹ ተፈትተው ሲላስ በሰላም እስኪወጣ ድረስ ከዲኤክሷ አጠገብ አልተነቃነቀችም።