ጥጋቡን የቀባው እጅ

ኢንስፔክተር ስንዱ ከወገዳ ከተማ ወደ መንደሩ በዚያ ድንጋያማ መንገድ ስትንገጫገጭ መጥታ ስትደርስ፣ ሰዉ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ጥጋቡ ጋቢው ውስጥ እንደተጠቀለለ ሞቷል፤ ሚስቱ ወለተ ሥላሴ ደግሞ እጇን ታስራ ተቀምጣለች።

«በጠላ መርዛ ገደለችው!» አለ የሟች ወንድም ቻላቸው። «ይዘዋት ይሂዱ፤ ልጆቹንም መሬቱንም እኔ እይዛለሁ።»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አለች ስንዱ በንዴት። ጮኸው የሚፈርዱት ሁሉ ሬሳውን ለማየት እንኳ አልተጠጉም። የጥጋቡ ቆዳ ቅርፊት እያወጣ ይረግፍ ስለነበር፣ ቁምጥና ነው ብለው ሸሽተውት ኖረዋል። አሁንም አፍንጫቸውን ይዘው «የበሽታው ሽታ ነው» አሏት።

ብቻዋን አጎነበሰች። አፉ አረፋ ደፍቋል። ቅቤ በጠገበው ጋቢ ላይ ዝንቦች ሞተው ረግፈዋል። ሽታውም የበሽታ አይደለም፤ ለእህል ነቀዝ የሚረጨው መርዝ፣ የማላታይን ነው።

«ቅቤ የሚቀባው ማን ነበር?»

«ቻላቸው ነዋ!» አለች ጎረቤቲቱ ውብነሽ። «ወንድም ማለት እሱ! ሚስቱማ ከታመመ ወዲህ ይጋባብኛል ብላ ነክታውም አታውቅ። ትናንት እንኳ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ሲቀባው አይቻለሁ።»

«ሁልጊዜ ፌስታል ያጠልቃል?»

«ኧረ ወዲያ! የተረፈውን የገዛ ራሱ ላይ አይደል የሚያብሰው? ቅቤ ማን ይጥላል!»

ስንዱ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ስሙኝ! ቆዳችን ኬራቲን በሚባል ፕሮቲን የታጠረ ነው። የጥጋቡ በሽታ ሶራያሲስ ይባላል፤ ቁምጥና አይደለም፣ አይጋባምም። ቆዳው ሳይበስል በጥድፊያ ይተካል፤ ኬራቲኑ ይዛባል፤ አጥሩም ይሰነጠቃል። በዚያ ስንጥቅ መርዝ ዘው ብሎ ይገባል። ጥጋቡን የገደለው የጠጣው ሳይሆን የተቀባው ነው። ሚስቱ እንዳልነካችው ውብነሽ መስክራለች። አያ ቻላቸው፣ የተረፈውን ቅቤ ራስህ ላይ ስታብስ ከርመህ፣ ትናንት ምን አስፈርቶህ ፌስታል አጠለቅህ?»

ቻላቸው ላብ አጠመቀው። «የአባታችንን መሬት ለእሷ ሊያስመዘግብ ነበር» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ገመዱ ከወለተ ሥላሴ እጅ ተፈትቶ በእሱ እጅ ገባ። እሷ ግን አልተደሰተችም።

«እቴ፣ አይጋባም ነው የሚሉኝ?»

ስንዱ እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ክርን አሳየቻት። ያው ነጭ ቅርፊት ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አይጋባም እያልኳችሁ!» ብላ ጮኸችባቸው። ማን ሰምቷት!

ወለተ ሥላሴ ብቻ ቀረብ አለችና የስንዱን ክርን በመዳፏ ያዘች።

«ባለመንካቴ እኔ ተረፍሁ» አለች እያለቀሰች። «ብነካውማ፣ እኔው እቀባው ነበር፤ እሱም ባልሞተ።»