ቀለም ያልተቀባው ብስክሌት

ፋዲላ ጨርቁን ገለጥ ስታደርገው ክው አለች። ትናንት እንደ ታጠበ ማንኪያ ሲያብረቀርቅ የነበረው የብስክሌት ፍሬም ላይ ቡናማ የእጅ ምልክቶች ወጥተውበታል። የላይኛው ቱቦ ላይ ተደርድረው የተቀመጡ ጣቶች፣ መሪው የሚገባበት አንገት ላይ ሰፊ መዳፍ፣ ወደ ታች ደግሞ የሕፃን አውራ ጣት የሚያክል ነጠብጣብ ይታያል።

«ዝጓል» አለች ለራሷ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ጋሼ ኸድር አስቀድመው ነግረዋታል። ጋሼ ኸድር ሸዋ ሮቢት ውስጥ በርና መስኮት የሚበይዱ የአባቷ ወዳጅ ናቸው፤ የተሰበረውን አሮጌ ፍሬም በይደው የሰጧትም እሳቸው ናቸው። «የድሮውን ቀለም ፍቀሽ ከጨረስሽ በኋላ በባዶ እጅ እንዳትነኪው» ብለዋት ነበር። «በኛ አገር ሙቀት የሰው እጅ ላብ አያጣውም። ባዶ ብረት ላብ ከነካው አድሮ ይዝጋል።»

እሷስ ሰምታቸዋለች። ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ስትፈገፍግ ሰንብታ፣ የመጨረሻዋ የቀለም ቅንጣት ስትለቅ ፍሬሙን በጨርቅ ይዛ ነው አጥሩ ላይ ያስደገፈችው። ሰፈሩን ግን ማን ያስጠንቅቀው? እነሱ መንደር አዲስ ነገር ታይቶ ዝም ተብሎ አይታለፍም። እጅ ይጫንበታል፣ «ማሻአላህ» ይባልለታል፣ ይመረቃል። ሳይነካ ዝም ብሎ አፍጥጦ የሚያይ ሰው ነው የሚፈራው። ጎረቤታቸው እትዬ ሰሊማ እጃቸውን ሲዘረጉ «ተዉት፣ ይዝግብኛል» ማለት ደግሞ ምርቃቱን አልፈልግም ከማለት አይለይም። ፋዲላ ለመጣው ሁሉ «አሚን» ስትል አመሸች።

ሳትነካው የቀረችው እናቷ ብቻ ነበረች።

ለእናቷ ለዘይቱና ሴት ልጅ በብስክሌት መሄዷ አይዋጥላትም። ፋዲላ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነው። ከመንደራቸው በእግሯ ገስግሳ ስትደርስ ብዙ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከውጭ ቆማ ነው የምታሳልፈው። በየቀኑ በባጃጅ መሄድ የሚታሰብ አይደለም። አባቷን ብትጠይቀው «እናትሽ ካለች» ብሎ ወደ ማሽላው ሄደ። እናቷ ደግሞ «መሥራቱን ሥሪው፤ ነድተሽው ግን ከዚህ ግቢ አትወጪም» አለች። ከዚያ ወዲህ ፍሬሙ አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነው። ትናንትም ጎረቤቱ ሁሉ ሲመርቅ እሷ ማድጋ ልታጥብ ወደ ጓሮ ዞረች።

ፋዲላ ፍሬሙን በጨርቅ ጠቅልላ ከተማ ወረደች። የክፍል ጓደኛዋ ሩት ብየዳ ቤቱ በር ላይ ትጠብቃት ነበር።

ጋሼ ኸድር ምልክቶቹን አይተው ሳቃቸው መጣ። «ሰፈሩ በሙሉ ፈርሞልሻል እኮ።»

«ምን ላድርግ ጋሼ? አትንኩ ማለት አፈርኩ።»

«ልክ ነሽ፣ አይባልም። እንግዲህ ቀለም እንቀባዋለን ካልሽ መላ አለው። ጠራርገን ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት እንነፋበትና ከላዩ የፈለግሽውን ቀለም እንቀባለን፤ ማንም ምንም አያይም። ክሊር ካልሽ ግን ክሊር እንደ መስታወት ነው፣ ቀለም የለውም፣ ከስሩ ያለውን ሁሉ ያሳያል። እያንዳንዷን ዝገት ፍቀሽ ማንሳት አለብሽ። ከስር የቀረ እንደሆነ እየሰፋ ሄዶ ክሊሩን ይልጠዋል።»

«አቦ ቀለም ይቀባና ይገላገል» አለች ሩት። «ሮዝ ቢሆን ነፍስ ነው የሚሆነው።»

«ክሊር ነው የምፈልገው» አለች ፋዲላ።

ለሩት ማስረዳት አልቻለችበትም እንጂ ምክንያት ነበራት። የድሮው ቀለም ሲላቀቅ ከስሩ የወጣው ግራጫ ብረት፣ ጋሼ ኸድር የበየዱበት ቦታ ላይ ደግሞ በነሐስ የተያያዘው ወርቅማ መስመር፣ እስከዛሬ ካየችው ብስክሌት ሁሉ በልጦባታል። ተሰብሮ እንደነበር፣ ሰውም እንደጠገነው ይታያል። ያንን መልሳ ቀለም ስር ልትቀብረው አልሆነላትም።

ብርጭቆ ወረቀቷን አውጥታ ጀመረች። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ዝገቱ ገና የአንድ ሌሊት ነው። የከበዳት ሌላ ነገር ነው። ሰፊው መዳፍ የአብዱልሀኪም ነው፤ ከልጁ ብስክሌት ላይ አሮጌ ጎማዎቹን ያለምንም ጥያቄ ፈትቶ የሰጣት ጎረቤት። የተደረደሩት ጣቶች የእትዬ ሰሊማ ናቸው፤ ስትፈገፍግ እጇ ሲላጥ ያዩት፣ ቅቤ የቀቧት። ትንሿ ነጠብጣብ ደግሞ የእሳቸው የልጅ ልጅ ጣት ናት። እያንዳንዱን ስታጠፋ በልቧ «አላህ ይስጥልኝ» እያለች ነው። ይህን ያህል ሰው ከጎኗ እንደቆመ እስከዛሬ ቆጥራው አታውቅም ነበር፤ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«የምታለቅሺ ትመስያለሽ ባክሽ» አለች ሩት።

«አቧራው ነው።»

ፍሬሙን ስትገለብጠው አንድ ምልክት ቀርቷታል። ከኮርቻው አጠገብ፣ ከቱቦው በታች በኩል፣ ቆሞ የሚያየው ሰው የማያገኘው ቦታ ላይ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ የጠቆረ ነው። ጋሼ ኸድር ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

«ይሄ ላብ አይደለም። ውሃ የነካው እጅ ነው፤ ጨብጦት ቆይቷል።»

ፋዲላ ጠጋ ብላ አየች። ቱቦውን የጨበጡት ጣቶች አንድ በአንድ ይለያሉ። ሌባ ጣት ከሌሎቹ በጣም አጥሯል፤ ጫፉ የለም።

እጇ ላይ ያለው ብርጭቆ ወረቀት ባለበት ቆመ። እናቷ ማሽላ ስታጭድ ማጭድ የግራ ሌባ ጣቷን ጫፍ ከወሰደው ቆይቷል። ለሱብሒ ሶላት ከቤቱ ቀድማ የምትነሳውም፣ ደጅ ወጥታ ውዱእ የምታደርገውም እሷ ናት። እጇ ከውዱእ ውሃ ሳይደርቅ መጥታ፣ ጨርቁን ገልጣ፣ ማንም በማያየው በኩል ይዛው ነበር ማለት ነው። ምን ብላ እንደመረቀች ፋዲላ አታውቅም። ብርጭቆ ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«ያቺንም አንሺና ልንፋልሽ» አሉ ጋሼ ኸድር፣ የመርጫውን ቱቦ እየገጣጠሙ።

«ይቺ ትቅር ጋሼ።»

«ይሰፋል ብዬሻለሁ እኮ ልጄ።»

«ሰምቻለሁ። እንዳለች ይንፉበት።»

ጋሼ ኸድር ምልክቱን ደግመው አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩ። የማን እንደሆነ ግን አልጠየቋትም። ፍሬሙን ሽቦ ላይ ሰቀሉና ነፉት። ክሊሩ ሲያርፍበት ግራጫው ጠለቅ አለ፣ የነሐሱ መስመር ደመቀ፣ አጭሯ ጣትም ከስሩ ቁልጭ ብላ ታየች። ሩት «ቀለም ይሻላል ያልኩትን እርሺው» አለች።

ክሊሩ ደርቆ ፍሬሙን ይዛ ስትመለስ እናቷ ደጃፉ ላይ ማሽላ እየለቀመች ነበር። ፋዲላ አጥሩ ላይ አስደገፈችው፤ የታችኛው ጎን ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋ። ዘይቱና ሰፌዱን ይዛ እንደ ልማዷ ዘወር ብላ ልታልፍ ነበር። ዓይኗ ግን ምልክቱ ላይ አረፈና ቆመች። ግራ እጇን ቀስ ብላ ሻርፗ ስር አስገባች።

«ይሄን ሳታጠፊው ቀረሽ እንዴ?»

«አውቄ ነው የተውኩት።»

«ዝገት እኮ ነው። ይሰፋል።»

«ሲሰፋ እፍቀዋለሁ፣ እማ። ያኔ ደግሞ መልሰሽ ትይዢልኛለሽ።»

ዘይቱና ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ፍሬሙ ቀረበች፣ የነሐሱን መስመር በዓይኗ ተከትላ እስከ ታች ወረደች። እጇን ከሻርፗ ስር አወጣች።

«ጎማው መቼ ነው የሚገጠምለት?» አለች።