ሁለት ኪቦርድ፣ አንድ መስመር

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ጸሐፊ ሰው አታምንም ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «አቃቤ ሕጓ» የሚላት በከንቱ አይደለም። ብርጭቆ ቢሰበር ሌላው ስባሪውን ሲለቅም፣ እሷ በዚያች ደቂቃ ማን የት ቆሞ እንደነበር ትጠይቃለች።

አንድ ጠዋት አለቆቿ አዲስ ሠራተኛ አምጥተው አጠገቧ አስቀመጡባት። አሮጌዎቹን ካርዶች ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱ ሥራ ዘግይቷል ተባለ። ሌላ ኮምፒውተር ግን የለም። ታላላቆቹ ሰዎች ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ቃለ ጉባኤ ተፈራርመው የደረሱበት መፍትሔ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ኪቦርድ መሰካት ነበር። ሥራውን ሳይሠሩ ሥራ የሚያቅዱ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት ሰው ሰጥተው ደህና ግቡ ይላሉ።

የእሷ ኪቦርድ ከባድና ጯሂ ነው፤ ፊደሎቹ በዘጠኝ ዓመት ጣቷ ተፍቀው ጠፍተዋል። የእሱ ትንሽ፣ ድምፅ የሌለው፣ ቁጥሮቹ በግራ በኩል የተደረደሩበት ነው። ሰውየው በግራ እጁ ነበር የሚሠራው፤ በሁለተኛው ቀን ስሙ «ግራኙ» ሆኖ ቀረ።

ኮምፒውተሩ ደግሞ ከየትኛው ኪቦርድ እንደተጻፈ አይለይም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነኩ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይዘረገፋል። በመጀመሪያው ቀን በአንዲት አሮጊት ስም መሃል ክብደታቸው ገባ።

«አንተ! ሳልጨርስ ማን ግባ አለህ?»

«የጨረስሽ መስሎኝ ነው።»

«መስሎኝ የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም።»

ስለዚህ ተከፋፈሉ። ቃል የእሷ፣ ቁጥር የእሱ። ስሙንና በሽታውን ጽፋ እጇን ከፍ ታደርጋለች፤ እሱ ዕድሜውንና ክብደቱን አስገብቶ እጁን ያነሳል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ «ቀጥል» መባባል ቀረ። እጇ ሲነሳ እጁ ይወርዳል። አንዳንዴ ትንፋሿን ስትሰበስብ ያውቅባት ነበር፤ ቃሉ ገና ሳያልቅ ጣቶቹ በአየር ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ጠረጠረች። በሦስት ሳምንት የሰው ትንፋሽ የሚያጠና ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ሌላም ነበር። ግራኙ ምሳ አይወጣም። «አይርበኝም» ይላል። የራሱ የመግቢያ ቃል ስላልተሰጠው ኮምፒውተሩ የሚከፈተው በእሷ ስም ብቻ ነው፤ እሷም ደንቡን ጥሳ፣ ክፍት ትታለት አክስቷ ቤት መሄድ ጀምራ ነበር። ለምን እንዳመነችው ለራሷም አልገባትም።

ማክሰኞ ሲስተር ሁለት ወረቀት ይዘው ገቡ። የነርሶቹ ኃላፊ ናቸው፤ ሳይቆጡ ያስፈራሉ።

«የዚህ በሽተኛ መዝገብ ባለፈው ሳምንት ስናትመው ‹ፔኒሲሊን ይስማማዋል› ይላል። ዛሬ ‹አይስማማውም› ይላል። የቱን ልመን?»

«እኔ አልነካሁትም፣ ሲስተር።»

«እርማቱ በስምሽ ነው። ትናንት፣ በምሳ ሰዓት።»

«በምሳ ሰዓት አክስቴ ቤት ነኝ!»

«እንግዲያው ዋናውን ካርድ አምጪልኝ።»

መደርደሪያው ላይ ካርዱ የለም። ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስኪጣራ መድኃኒቱ እንዳይሰጠው አዝዣለሁ። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ካርዱንም መልሱንም ይዘሽ ቅረቢ። አለዚያ ከዚህ ወንበር ትነሻለሽ፤ እኔም ላስጥልሽ አልችልም።»

ሲስተር ሲወጡ ወደ ግራኙ ዞረች። ጆሮው እንደ ፍም ቀልቷል።

«አንተስ የምትለው የለህም?»

«ካርዱ... ይገኛል።»

«ይገኛል? በምን አወቅህ?»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሁለቱ መካከል የጯሂው ኪቦርድ ድምፅ ብቻ ነበር። በየቃሉ ማብቂያ እጇን ስታነሳ ፊቱን ሰርቃ ታያለች። ወንበሬን ፈልጎ ነው፣ አለች በልቧ። በዝምታው አስተኝቶኝ፣ በስሜ ስህተት እየዘራ ሊያስነሳኝ ነው። ይህን አስባ ማልቀስ አማራት፤ ከሁሉ ያናደዳት ደግሞ ይኼው ነበር።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ኪቦርዷን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከእንግዲህ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ከእሱ እጅ በቀር ከማንም አትመጣም።

አክስቷ ቦርሳውን ሲቀበሏት ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው።

«ምነው ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የተሸከምሽው?»

«ማስረጃ ነው።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። አክስቷ እስክትጨርስ ጠበቁና፣

«ባለፈው ዓመት የጥበቃውን ሰውዬ ጃንጥላ ሰረቀ ብለሽ ስትከሺ፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው አላልሽኝም ነበር» አሏት።

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። የዚህኛውን ጣት ሦስቴ አነሳሽልኝ ብዬ ነው።»

«አክስቴ! እንጀራዬን ሊያስጥለኝ ነው የምልዎት!»

«እሱን ሰምቻለሁ። እኔ የምልሽ ያልነገርሽኝን ነው።»

ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

የካርድ ክፍሉን በር ሳታንኳኳ በረገደችው። ግራኙ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መሳቢያው ተከፍቶ ካርዶች ተቆልለውበታል፤ ከፊቱ ኮምፒውተሩ ላይ እሷ የጻፈችው መስመር፣ ከእጁ በታች የእሱ ኪቦርድ።

«ተያዝክ።»

አልደነገጠም። የደከመው ይመስል ነበር።

«ኪቦርድሽን የት ወሰድሽው?»

«ምሳ ጋበዝኩት! እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ!»

ከቁልሉ ላይ አንዱን ካርድ መነጨቀችው። የዚያ በሽተኛ ነው። በማያጠራጥር የሐኪም እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ይላል። ጀርባውን ገለበጠች። ካርዱ ኮምፒውተር ላይ የገባበት ቀን በራሷ እጅ ተጽፏል። ሁለተኛውን አነሳች፤ ሦስተኛውን፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አስተያየቻቸው። በሁሉም ላይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባችው ሌላ፣ ካርዱ የሚለው ሌላ። ቀኖቹ ሁሉ ግራኙ ከመምጣቱ በፊት በነበሩ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ናቸው።

ዘጠኝ ዓመት አልተሳሳትኩም የምትል ሴት፣ ካርዱ ትክክል ይሆናል ብላ አስባ እንኳ አታውቅም ነበር።

ተቀመጠች። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ታውቃቸዋለች። እናቷ በዚሁ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተኝተው ነበር። ጠዋት ፊታቸውን አጥባ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ትጽፋለች፤ በምሳ ሰዓት ተመልሳ ወደ ላይ ትወጣለች። በሃያ ሁለተኛው ቀን የምትወጣለት ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ሳትቀር ሠራች ብለው ሁሉም አደነቋት። እሷም አምናቸው ነበር።

«ቁጥር ሳመሳክር ስህተቱን አገኘሁ፤ ቀኖቹን ሳይ ያኔ ምን ደርሶብሽ እንደነበር ጥበቃውን ጠየቅሁት» አለ ግራኙ። «ከዚያ ከሐሙስ በፊት ልጨርስና ማንም ሳያውቅ...»

«ማንም? እኔም?»

«ታዝኛለሽ ብዬ ነው።»

«ማዘን የእኔ ነው! ማን ሰጠህ?» ድምጿ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። «አንተ በምሳ ሰዓት ስንት ታያለህ? ሦስት? አራት? ያላየኸው ካርድ ላይ ያለው ሰው ዛሬ ከሰዓት መርፌ ቢወጋስ? በስሜ ገብተህ፣ ስሜን ልታድን፣ ሰው ልትገድልብኝ ነበር!»

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳና፣

«ይህን አላሰብኩም» አለ። «ስለ አንቺ ብቻ ነበር የማስበው።»

ይህን ቃል በሌላ ቀን ብትሰማው ምን ባለች ነበር! ያን ቀን ግን ካርዶቹን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ሲስተር ቢሮ ሄደች። ኮሪደሩ መሃል ስትደርስ ኮቴ ከኋላዋ ሰማች። ግራኙ የቀሩትን ካርዶች ተሸክሞ ይከተላታል።

ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ሁለቱም ቆሙ። ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የደበቀው እሱ ነው። ሁለት ኪቦርድ በአንድ ስም ላይ ሰክታችሁ፣ የማን እጅ እንደሆነ የማይታወቅ መዝገብ የሠራችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ይህንንም ጻፉት።»

የኮሚቴው ጸሐፊ ብዕሩን አንስቶ ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው ጣራውን አየ። ሲስተር ናቸው «ጻፈው» ያሉት።

የሦስቱ ሳምንት ካርድ በሙሉ እንደገና ተመረመረ። ግራኙ ያገኘው አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ በጠቅላላው አርባ ሦስት ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። እሱ ወደ መድኃኒት መጋዘን፣ ከግቢው ማዶ ወዳለው ሕንፃ ተዛወረ። ጠረጴዛዋ ሰፋላት። ቃሉንም ቁጥሩንም ብቻዋን ትጽፋለች፤ እጇን ግን አንዳንዴ ሳታውቀው ከፍ ታደርግና ማንንም ሳታገኝ ትመልሰዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ቆማ አገኛት።

«ምነው፣ እየጠበቅሽኝ ነው?»

«አልጠበቅኩህም። በስንት ሰዓት እንደምትወጣ እያጣራሁ ነው።»

ሳቀ። ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ገብቶሃል? ግን ያን ቀን ካርዶቹን ተሸክመህ ተከተልከኝ። ልትሸሽ ትችል ነበር።»

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ። ሰው ወዴት ይሸሻል? ስማ፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ የምታውቀውን ከእኔ አትደብቅም። ክፉም ይሁን፣ የሚያሳፍርም ይሁን፣ በፊቴ። ካልቻልክ እዚሁ እንለያይ።»

«እችላለሁ።»

«ቃልህን?»

«ቃሌን።»

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ቆመ።

«እንግዲያው አንድ ነገር አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቄ ነበር! ምንድን ነው?»

«ሹራብሽን ከጠዋት ጀምሮ ገልብጠሽ ነው የለበስሽው።»

ወደ ታች ተመለከተች። ስፌቱ በሙሉ ወደ ውጭ ነው።

«ከጠዋት ጀምሮ? ጠዋት የት አየኸኝ?»

«ከመጋዘኑ መስኮት። ስትገቢ።»

«በየቀኑ ታየኛለህ?»

«በየቀኑ።»

ለመክሰስ አፏን ከፈተች፤ ክስ አጣች። ቦርሳዋን «ያዝ!» ብላ ሰጠችውና መንገድ መሃል ሹራቧን አውልቃ፣ ገልብጣ፣ መልሳ ለበሰች።

«አሁንስ?»

«ልክ ነው።»

«ከኋላስ? ዞረህ እይ።»

ቀስ ብሎ ዞራት። ከኋላዋ ቆሞ የተጠቀለለውን አንገትጌ በአንድ ጣቱ አስተካከለ።

«አሁን ልክ ነው» አለ።

ከጎናቸው የአንድ ሱቅ ትልቅ መስታወት ነበር። ዞር ብላ አላጣራችም። ክንዱን ያዘችና ሄዱ።