ታችኛው ጸድቷል

«አላነሳውም አልኩ! ቦዩ ውስጥ እያለ የእኔ ነበር፤ አሁን እኮ ደረቅ መሬት ላይ ነው» አለ የውሃ ቢሮው መሐንዲስ፣ ጭምብሉን ወደ አገጩ ጎትቶ።

«ታዲያ የእኔ ሊሆን ነው?» አለ የአደጋ መሥሪያ ቤቱ አስተባባሪ። «ጎርፉ ካለፈ ሰነበተ። ይሄን ሰው ጎርፍ አልገደለውም። የአደጋ ሟች ልለው አልችልም።»

«እኛም የምናነሳው ዝቃጭ ነው፤ ሰው አይደለም» አለች የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዋ።

«ባልደረባሽ እኮ ነው!» አለ አስተባባሪው።

«ባልደረባዬማ ነው። መኪናዬን ግን ትናንት የወሰዳችሁብኝ እናንተ ናችሁ።»

የሚጣሉበት ሬሳ በመካከላቸው በድንኳን ሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ቦት ጫማው ብቻ ከሸራው ወጥቷል፤ ከጫማው አፍም ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። ሟቹ የውሃ ናሙና እየሰበሰበ የሚመረምር ባለሙያ ነበር፤ በዚህ ሥራው «ቀማሽ» ይሉታል። እህቱ እግሩ ሥር ቁጭ ብላለች። የድምፅ ማጉያ መኪና እየነዳች ለተፈናቃዮች ማስታወቂያ የምትናገረው እሷ ናት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ቀና ሳትል።

መርማሪዋ የደረሰችው በዚህ መሃል ነበር። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ከመኪናዋ ወርዳ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ ቀጥሎ አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች። ሽታው ከቦዩ ብቻ የመጣ አልመሰላትም።

«የማንም ካልሆነ የእኔ ነው» አለችና ሁለት ፖሊሶቿን ጠርታ ሬሳውን ወደ ጥላ አስነሳችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጎርፉ የቆዳ ፋብሪካውን የኬሚካል መጋዘን አፍርሶ ነበር። የተመረዘው ውሃ በማቆያ ኩሬ ተጠራቅሟል፤ ኩሬው ሲሞላ የብረቱ በር ይከፈትና ውሃው በቦይ በኩል ወደ ሌላ ኩሬ ይወርዳል። ቦዩ የሚያልፈው የታችኛው ሰፈር የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ ነው። ሰፈርተኛው በድንኳን ተጠልሏል፤ ዛሬ ቀትር ላይ እንግዶች በተገኙበት «ጉድጓዶቹ ንጹህ ናቸው፣ ግቡ» ሊባል ነው። ቀማሽ ግን መርዙ ከቦዩ ወደ ጉድጓዶቹ ይሰርጋልና ንጹህ ናቸው አልልም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ለእንግዶቹ የሚያሳየውን ናሙና ሊቀዳ ጠዋት ቦዩ ውስጥ እንደገባ በሩ ተከፈተበት።

መርማሪዋ ቦዩ ዳር የቀረውን ቦርሳውን ፈታች። የእጅ ሬዲዮው ጠፍቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጠበቅ ተደርጎ ታስሯል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያስረዋል?»

«ጓንት ካጠለቀ በኋላ ሬዲዮ አይነካም» አለች እህቱ። «‹መርዙን ጆሮዬ ላይ ልቀባው እንዴ?› ይለኛል። ይለኝ ነበር። ሰክሮ ወደቀ እያሉ ነው፣ እትዬ። ወንድሜ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። እኔ ደግሞ ቀትር ላይ ‹ውሃው ንጹህ ነው› በይ ተብያለሁ።»

መሐንዲሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ከታች ያለው ሰው በሬዲዮ ክፈት ካለኝ እከፍታለሁ፤ አሠራራችን ነው። ‹ታችኛው ጸድቷል፣ ክፈት› ተባልኩ።»

«ጸድቶ ነበር?»

«ምኑ ጸድቶ! የቦዩ ደለል እስከ ጉልበት ይውጣል። አባባሉ አልገባኝም ነበር። ብቻ ክፈት ተባልኩ፣ ከፈትኩ።»

«ድምፁ የቀማሽ ነበር?»

«በጭምብል ውስጥ ማን ማንን ይለያል? ሁላችንም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የምናወራው። ከኋላው ግን ጄኔሬተር ይጮህ ነበር።»

መርማሪዋ ዙሪያውን ቃኘች። በሩ ጋም ቦዩ ጋም ጄኔሬተር የለም። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት የስፖርት አዳራሽ ጓሮ ውስጥ።

የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዋ ቢሮ በአዳራሹ ውስጥ በኮምፔንሳቶ የተከለለ ጠባብ ክፍል ነው።

«ጥሪውን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። በዚህ ቤት የሬዲዮ መስመራችን ብቻ ነው የተቀናጀው። እንዲያውም ጄኔሬተሩ በግድግዳውም በሬዲዮውም ሲጮህብኝ ራሴን አመመኝ። ‹ጸድቷል› ሲል ደግሞ ክው አልኩ። መርዙ ገና እዚያው ነው! የእኛ ሰው ያን ቃል ከአፉ ካወጣ እኮ ነገ ሕፃናት ይጠጡታል።»

«ታዲያ ለምን በሬዲዮ አልጠየቁም?»

«መጠየቅ የአስተባባሪው ድርሻ ነው ብዬ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። መርማሪዋም ትጨርሰው ዘንድ አልጠበቀችም።

አስተባባሪው፣ በቅጽል ስሙ «ጋሼ ስብሰባ»፣ ማዶ ባለው ክፍል የቀትሩን ንግግር ይለማመዳል። ጠረጴዛው ላይ «ለሕፃናት ብቻ» የሚል የእርዳታ ብስኩት ተከፍቷል። ፍርፋሪው ከረባቱ ላይ ተንጠባጥቧል።

«ይቅመሱ፣ ኢንስፔክተር። ቁርስ አልበላሁም፤ ከጠዋት ጀምሮ፣ ሬሳው ተገኘ እስክባል፣ ከዚህ ክፍል አልወጣሁም።»

«አመሰግናለሁ። ታችኛው ሰፈር እንዴት ነው?»

«ጸድቷል!» አለ፣ ከታሸገ ውሃ እየተጎነጨ። «እኛው ነን ያጸዳነው። አንድ ነፍስ አልቀረም፤ ሽማግሌውን ሁሉ በጀርባ አዝለን አውጥተናል።»

«ከጉድጓዱስ ውሃ ይጠጣሉ?»

ሳቀ። «እኔማ ጨጓራዬ አይችልም።»

መርማሪዋ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እህትየው በሩ ሥር ቆመች። አስተባባሪው ከልማዱ የሰብሳቢው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መርማሪዋ አላስነሳችውም።

«ቀማሽ አልተጣራም» ስትል ጀመረች። «ሬዲዮው ጠፍቶ በላስቲክ ታስሯል። ቦዩ ውስጥ ሆኖ ሊፈታው አይችልም። ስለዚህ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተናገረ። ከኋላው ጄኔሬተር ስለተሰማ የተናገረው ከዚህ አዳራሽ ነው። መሐንዲሱ በሩ ጋ ነበር። እዚህ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ኃላፊዋ ወንበሯን ገፋ አደረገች። «እኔ ነኝ ልትዪ ነው?»

«ያዳነሽ አንድ ቃል ነው፣ እህቴ። ሦስታችሁ አንድ ቤት ተቀምጣችሁ፣ አንድ ቃል ሦስት ቦታ ተካፍላችኋል። ለመሐንዲሱ ‹ጸድቷል› ማለት ደለሉ ወጥቷል ነው። ለአንቺ መርዙ ጠፍቷል ነው፤ ቀማሽም የአንቺ ሰው ነው፣ ያን ቃል ላለማለት ሲል ነው የሞተው። ‹ሰው የለም› ለማለት ‹ጸድቷል› የሚለው የአደጋ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ሰው ሬዲዮ ላይ ሲዋሽ ድምፁን ይለውጣል፤ የሥራ ቃሉን መለወጥ ግን ትዝ አይለውም። ቅድም ጠየቅሁዎት፣ ጋሼ። ራስዎ መለሱልኝ።»

አስተባባሪው ከረባቱን አራገፈ።

«የናሙናው ጠርሙስ እንዲሄድ ነበር እንጂ እሱ እንዲሄድ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ይረጥባል፣ ይበርደዋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ነው። እንግዶቹ ሲመጡ መርዝ ነው ሊላቸው ነበር! ይሄን ሁሉ ወር የለፋንበትን!»

«እናንተ የለፋችሁበትን» አለች መርማሪዋ። ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። ሲወስዱት ብስኩቱን በኪሱ ይዞ ወጣ።

በሩ ሳይዘጋ ጭቅጭቁ እንደገና ተነሣ።

«እንግዶቹን አሁን ማን ነው የሚቀበለው?» አለች ኃላፊዋ።

«ውሃ ቢሮ አይመለከተውም» አለ መሐንዲሱ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የከፈትኩት፤ ይሄ ይመዝገብልኝ።»

«ማስታወቂያው ይቅር?»

«ለማስቀረት እኮ ኮሚቴው መሰብሰብ አለበት።»

«ሰብሳቢው ታስሯል!»

«ምክትሉ ማን ነበር?»

መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች። እህትየው ከግድግዳው ሚስማር ላይ የድምፅ ማጉያ መኪናዋን ቁልፍ አንሥታ ወጣች።

«ምክትል አልተመረጠም» አለች ኃላፊዋ። «ባለፈው ስብሰባ በይደር ነው የታለፈው።»

ከደጅ የድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አለ፤ መኪናው ወደ ድንኳኖቹ ቁልቁል ወረደ።