ሳሉ ቆሞ ነበር

ልብስ ሰፊዋና አናጢው የተዋወቁት ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ፣ የሳንባ ነቀርሳ ክኒናቸውን ነርሷ ፊት ሊውጡ ተሰልፈው ነው።

«ሽንቴ ቀላብኝ፤ ደሜን እየጨረሰው ይሆን?» አላት አናጢው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የመድኃኒቱ ቀለም ነው። የእኔም እንደዚያው ነው» አለችና በኀፍረት አፏን ያዘች። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው።

ከዚያ ወዲያ አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ለመዱ። እሱ ትክ ብሎ ሲያያት፣ ከስታ የሰፋባትን ቀሚስ ትረሳዋለች።

እናቷን ሊለምን ሄደ። እናትየው ቁጭ በል እንኳ አላለችውም።

«ሳንባው ለተበላ ሰው ልጄን አልሰጥም! መጀመሪያ ዳን።»

የገዛ ልጇ ያንኑ ክኒን እንደምትውጥ ታውቃለች፤ ግን የበሽታውን ስም በልጇ ላይ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

በሦስተኛው ወር የአናጢው ሳል ቆመ፤ ጉንጩም ሞላ።

«ድኛለሁ እኮ! እናትሽ በየጠዋቱ እዚያ ተሰልፌ እያየችኝ እንዴት ትመነኝ? ክኒኑ ይቅርብኝ።»

«ሳል ቆመ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም። ነርሷ ስድስት ወር ነው ያለችው።»

«የማገባው ነርሷን ነው ወይስ አንቺን?»

መቆጣት ሲገባት ሳቀች። ደስ አላት፤ ምን ታድርግ።

ክኒኑን ተወው። እናትየውም ወፍሮ ስታየው እሺ አለች። ልብስ ሰፊዋ የራሷን መድኃኒት ጨርሳ የሙሽራ ቀሚሷን መስፋት ጀመረች። እጅጌው ሲቀራት አናጢው ደም ተፋ።

«በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ያ ክኒን ከእንግዲህ አይበግረውም» አለ ሐኪሙ። ሌላ፣ የሚከብድ መድኃኒት ጀመሩለት፤ ግን ሳንባው አልቆ ነበር።

በየቀኑ በሆስፒታሉ መስኮት በኩል ታየዋለች። አንድ ቀን እጇን በፍርግርጉ አሾልካ ልትነካው ስትል ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አትጠጊ። ነርሷ ሰው አታስጠጋ ብላኛለች፤ አሁንስ እሰማታለሁ» አላት።

 በማግስቱ አልጋው ባዶ ነበር።

ከቀብር ስትመለስ እናቷ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ነግሬሽ ነበር፤ ያ በሽታ አይድንም።»

«እማዬ፣ እኔስ? እኔ ድኜ የለም እንዴ?»

እናትየው ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች።

«አንቺን የመታሽ ብርድ ነው!»