ሦስት ሰዓት ላይ የተዘጋው ውሃ

የውሃ ባለሙያው ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። የቦዩ በር የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ከባድ የብረት እጀታ፣ ፀጉርና ደም እንደተጣበቀበት አጠገቡ ወድቋል። እጀታውን የሚይዘው ውሃ በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነውና፣ ገበሬው ሁሉ ገዳዩ እሱ ነው ብሎ በዱላ ጥርሱን አረገፈለት። ፖሊስ ባይደርስ አልቆለት ነበር።

ሟች ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሰው ቁጥር ሲበዛ ለመስኖ ስንት ውሃ እንደሚያስፈልግ ያጠና ነበር። «አይበቃም አሉ፤ የታችኛው ማሳ ከቦዩ ሊቆረጥ ነው» የሚል ወሬ መንደሩን ሲያምሰው ከርሟል። ወሬ መቼ ያርፋል!

መርማሪዋ የሟችን ማስታወሻ ገለጠች። «ሦስት ሰዓት፤ በሩን ዘጋሁ» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«እጀታውን ለምን ሰጡት?» አለችው የውሃ አባቱን።

«ዘግቼ የምለካው አለ ብሎኝ ነዋ! ሰጥቼው ቁርስ ልበላ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ ምስክሬ ናት።»

«ሚስት ምን ልትል ኖሯል ታዲያ!» ብሎ አንጓጠጠ የታችኛው ማሳ ገበሬ። የዚችው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ ለእህቱ ባል እንኳ አልራራም።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ማሳዬ ላይ ሽንኩርት ሳጠጣ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ውሃው ቀጥ አለብኝ። ሰዓቴን አይቼ ተራገምኩ።»

መርማሪዋ በሩን አስከፍታ፣ ቦዩ ሲሞላ አንድ እፍኝ ጭድ ጣለችበትና እየተከተለችው በእግሯ ወረደች። ስትመለስ ሁሉንም በሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ጭዱ የእርስዎ ማሳ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀበት» አለችው የታችኛውን ማሳ ገበሬ። «በሩ በሦስት ሰዓት ቢዘጋ እንኳ፣ ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ እርስዎ ጋ እስከ አራት ሰዓት ይፈሳል። በሦስት ሰዓት ሲዘጋ ያየ ሰው የቆመው እዚህ ነው።»

«እ… ተሳስቼ ይሆናል።»

«ሰዓትህን አይተህ?» አንቱታው ቀረ።

ሰውየው ድንጋይ አንስቶ ዘለለባት። ሁለት ፖሊሶች ጥለው አፈር አስጋጡት።

«አዎ፣ ገደልኩት!» ብሎ ጮኸ። «ዓይኔ እያየ ዘጋው እኮ! ልጆቼን በረሃብ ሊፈጅ!»

እህቱ ቀረበችው። «ጋሼ፣ ባሌን ልታሰቅልብኝ ነበር?»

መርማሪዋ ከሟች ቦርሳ ያወጣችውን ወረቀት አነበበች፦ «ብዙው ውሃ መንገድ ላይ ወደ አፈር ይሰርጋል። ቦዩ በሲሚንቶ ከተለበጠ፣ ወደፊትም የታችኛው ማሳ አይቆረጥም።» ቀና አለች። «ዛሬ የዘጋው የሚሰርገውን ሊለካ ነበር።»

ገበሬው ወደ ወረቀቱ አንጋጠጠ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ጠየቅከው እንዴ?» አለችው እህቱ።